ስምንተኛው ወንበር

ኦራሊ ፕሩዊት ቁጭ ብላ ምሳ ስትበላ ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አሟት ነበር። አራተኛ ክፍል ንባብ ባስተማረችበት ሠላሳ አንድ ዓመት የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦዋን በአንድ እጇ፣ የልጆች ደብተር በሌላው ይዛ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ነው የምትውለው። እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የጫማዋ ሲጥሲጥታ በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል። እባክሽ አንድ ቦታ እረፊ ስላት፣ ስሞት አርፋለሁ ትለኛለች።

ሃርላን ስፕሪንግ ውስጥ ያለን ነገር አንድ የትራፊክ መብራት፣ አንድ የዶሮ ፋብሪካና አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ኦራሊ ፊደል የቆጠረችው እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ እናቷ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሠርታለች፣ ሁለት ልጆቿም እዚያው ተምረዋል። በሌላው የቴክሳስ ከተማ እንደሚሆነው ሁሉ እኛም ጋ በየጸደዩ ልጆች የክፍለ ግዛቱን ፈተና ይወስዳሉ፤ በኦገስት ደግሞ ለትምህርት ቤቱ እንደ ተማሪ የውጤት ፊደል ይሰጠዋል። አራት ዓመት ተከታትሎ “ኤፍ”፣ የወደቀ ውጤት፣ መጣብን። አምስተኛው ከመጣ በሩ ይዘጋና ልጆቻችን በአውቶቡስ አርባ አምስት ደቂቃ እየተጓዙ ሌላ ከተማ ይማራሉ።

ርዕሰ መምህራችን ዳሬል ስተብልፊልድ በጃንዋሪ ሁላችንንም መጽሐፍ ወደሚቀመጥበት ክፍል ጠራን። ግድግዳው በሙሉ በካርድ ተሸፍኗል፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የአንድ ልጅ ስም አለ። አረንጓዴው የሚያልፍ ነው፣ ቀዩ የማያልፍ፣ ቢጫው ደግሞ ጥቂት ቢገፋ የሚሻገር። ዳሬል ጉልበታችንን ሁሉ ቢጫው ላይ እናፍስ አለ። ስለ ቀዩ ምንም አላለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከግድግዳው ሥር ደግሞ አንድ የጫማ ሳጥን ነበር። ክፍለ ግዛቱ ለውጤት የሚቆጥረው በኦክቶበር የመጨረሻ አርብ መዝገብ ላይ የተገኘውን ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ልጅ ይፈተናል፣ ውጤቱም ለወላጆቹ ይላካል፤ ለትምህርት ቤቱ ግን ቢያልፍም ቢወድቅም አይደመርም። የእነዚህ ልጆች ካርድ ነጭ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። ካርዶቹን በየሳምንቱ ከቀለም ቀለም የማዛውረው እኔ ነበርኩ። አልዋሽም፣ ሥራውን ወድጄው ነበር።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለቢጫዎቹ ማጠናከሪያ ተጀመረ። በየክፍሉ ስምንት ወንበር ብቻ ተፈቀደ፤ ልጆቹን በየክፍሉ ተራ ወደየቤታቸው የምታደርሰው ቫን በአንዴ ከዚያ በላይ አትይዝም። አንድ ቀን በፌብሩዋሪ በኦራሊ ክፍል በር ሳልፍ ስምንተኛው ወንበር ላይ ማሪሴላ ካንቱን አየኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ዶሮ ፋብሪካ ትሠራለች። የመጣችው ከዚያ ከኦክቶበሩ አርብ በኋላ ባለው ሰኞ ነው፤ ካርዷ ነጭ ነው። ወንበሩ የብሬደን ሆልት ነበር፤ የብሬደን ካርድ ደግሞ ቢጫ ነው፣ ያውም አረንጓዴ ለመሆን ጥቂት የቀረው። ልጆቹ እስኪወጡ እንኳ በቅጡ አልጠበቅሁም።

“ኦራሊ፣ ይቺ ልጅ እኮ አትቆጠርም” አልኳት።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ብሬደንን አስነስተሽ እሷን ታስቀምጫለሽ? ጤና የለሽም እንዴ?”

ዴስኮቹን እየዞረች እርሳስ ትለቅም ነበር። “ብሬደን ቤቱ የሚያስነብበው ሰው አለው። ይቺ ማን አላት? ትናንት መጥታ ‘የእኔ ካርድ ምን ቀለም ነው?’ አለችኝ። ምን ልበላት ሃርቪ? ጫማ ሳጥን ውስጥ ነሽ ልበላት?”

“ትምህርት ቤቱ ሲዘጋስ ምን ትያታለሽ?”

እርሳሶቹን ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸውና እንደገና ትለቅም ጀመር። “እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ” አለች።

ነገሩን ለዳሬል የነገርኩት እኔ ነኝ። ጠርቶ ሲያነጋግራት ከበሩ ጋ ቆሜ ነበር። ዳሬል ትልቅ ሰው ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ግን የእሷ ተማሪ ስለነበር ፊቷ ሲቆም እጁን የሚያደርግበት ያጣል።

“ሚስስ ፕሩዊት፣ እለምንዎታለሁ” አላት። “በአንድ ልጅ ልንወድቅ እንችላለን።”

“ዳሬል፣ አንተ ማንበብ የቻልከው ስንተኛ ክፍል ነበር?”

ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። አራተኛ ክፍል፣ ማንም ተስፋ ሳያደርግበት፣ እሷው ጠረጴዛ ላይ ነበር የቻለው። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳም፤ ወንበሩም የማሪሴላ ሆኖ ቀረ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ኦራሊ ጭራሽ መቆሚያ አጣች። ብሬደንን እንዳትበድለው በምሳ ሰዓት ለብቻው ታስጠናዋለች፤ ልጁ ግን ዓይኑ ሜዳው ላይ ነው፣ ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ እየሰማ ምን ይግባው። ማሪሴላን ከሰዓት በኋላ ከሌሎቹ ሰባት ጋር ትይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ሳገኛት ጋሪዋን እየገፋች ስለ ሁለቱ ልጆች ታወራለች፤ የምትገዛውን ረስታ ባዶ ጋሪ ይዛ ወደ ሒሳብ መክፈያው ትሄዳለች። ተሳስቻለሁ ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ አዎ ብያታለሁ።

በኤፕሪል ፈተናው ደረሰ። እንደ ደንቡ በግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በቡናማ ወረቀት ሸፈንን፣ በየዴስኩ አንዳንድ የሚንት ከረሜላ አስቀመጥን። አስተማሪ በፈተና ሰዓት አያነብም፣ አያርምም፣ የልጅ ወረቀት ላይ ዓይኑን አያሳርፍም፤ መዞር ብቻ ነው። ኦራሊ አራት ሰዓት ሙሉ ዞረች። የጫማዋን ድምፅ እየሰማሁ እኔም በበኩሌ ዞርኩ።

በጁን የልጆቹ ውጤት መጣ። እኔና ዳሬል በር ዘግተን ደመርን፤ ተሳስተን እንደሆነ ብለን ደግመን ደመርን። ከ“ኤፍ” ለመውጣት አንድ የሚያልፍ ልጅ ጎደለን። ብሬደን በሁለት ጥያቄ ወድቋል። ማሪሴላ አልፋለች።

ዓይኔ ደም ለበሰ። በዚያው ቀን የከብት መኖ መሸጫው ደጃፍ ላይ ቆሜ ያለውን ነገር ለሰው ሁሉ ዘረገፍኩት። በማግስቱ ከተማው ኦራሊን በክፉ ዓይን ያያት ጀመር፤ ነዳጅ ቀጂው እንኳ ሰላምታ ነፈጋት። ክፍለ ግዛቱን ማን ይናገረዋል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ ነገሩ።

በኦገስት ፊደሉ ታወጀና ወላጆች ጂምናዚየሙ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ሰው በስብሰባው ወረቀት ያራግባል። ዳሬል ቆሞ አንድ የሚያልፍ ልጅ በመጉደሉ ትምህርት ቤቱ እንደሚዘጋ ተናገረ። የብሬደን እናት ተነሳችና የልጇ ወንበር ለማትቆጠር ልጅ መሰጠቱ እውነት እንደሆነ ጠየቀች። ኦራሊ ሌላ ሰው እስኪመልስላት አልጠበቀችም።

“እውነት ነው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት” አለች። “ልጅሽን በድዬው ከሆነ ይቅር በይኝ። አውቄ ነው ያደረግሁት፤ ትክክል ይሁን አይሁን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።”

አዳራሹ አጉረመረመ። በዚህ መሐል ከኋላ፣ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው ማሪሴላ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ እጇን አወጣች። ዳሬል ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባውና ዕድል ሰጣት።

“የጎደለው አንድ ልጅ ነው?” አለች።

“አዎ፣ አንድ።”

“እኔ አልፌያለሁ፤ ደብዳቤው ቤታችን አለ። እኔን ቁጠሩኝ።”

የወረቀቱ ማራገብ ቆመ። ዳሬል ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳት። የሚቆጠሩት አርብ ዕለት የነበሩት ልጆች ናቸው፤ አንቺ የመጣሽው ሰኞ ነው አላት። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ በስፓኒሽ ነገረቻት። እናትየው የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች ነበር። ጥቂት ቃል መለሰችላት፣ ማሪሴላም ለእኛ ተረጎመች።

“አርብ ልታስመዘግበኝ ስትል ከሥራ አልለቀቋትም ነበር። ‘ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ትምህርት ቤቱን ስላዘጋሁባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ’ ትላለች።”

ኦራሊ ሰውን እየገፋች ወደ ኋላ ሄዳ ሴትየዋን አቀፈቻት። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ከእኔ የሒሳብ ጠረጴዛ ስድስት ቢጫ ልጆች ወድቀዋል፤ የእነሱን ወንበር ማንም አልነካባቸውም። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ቢያልፍ ትምህርት ቤቱ አይዘጋም ነበር። ይህን የምናውቀው እኔና ዳሬል ብቻ ነበርን፤ ሁለታችንም አልተናገርንም።