የእትዬ ቆርኪ ኤክስ

ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው። ለተማሪው፣ ለወላጁ፣ ለጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀር እትዬ ቆርኪ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከጠረጴዛቸው ላይ በማይጠፋው የወተት ዱቄት ጣሳ ምክንያት ነው። ጣሳው ውስጥ ከሁለት መቶ የማያንስ የጠርሙስ ቆርኪ አለ። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ መቁጠር፣ መደመርና መቀነስ የሚማረው በእነዚያ ቆርኪዎች ነው። አፉ ውስጥ ከትቶ ያልሞከረም የለም። እትዬ ቆርኪ በሥራ ዘመናቸው አራት ቆርኪ ከልጅ ጉሮሮ መንጭቀው አውጥተዋል፤ ለዚህ የሚሰጥ ሽልማት ግን እስካሁን አልተሰማም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍልን አስተማሩ፣ ምድር ቤት ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል። ልጆቹ በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እሳቸው እዚያው ይቀራሉ። የሄዱትን የሚከታተሉት በጆሯቸው ነው። ሁለተኛ ክፍል አጠገባቸው ስለሆነ «ከጎረቤት አንድ አሥር ተዋስ» ሲባል በግድግዳው በኩል ይሰማቸዋል። ሦስተኛ ክፍል ልክ ከራሳቸው በላይ ነው፤ የማባዣ ሰንጠረዡን በኅብረት ሲጮኹ ጣሪያው ይርገበገባል። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ሲደርሱ ድምፁ ይሳሳል። በየዓመቱ እዚያችው ቦታ ላይ ነው የሚሳሳው። እትዬ ቆርኪም ከታች ሆነው «ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት» እያሉ በለሆሳስ ያግዟቸዋል። አራተኛ ክፍል ክፍልፋይ ሲገባ ጩኸቱ ይቆማል፤ ግማሽና ሩብ ጮኸው የሚይዙት ነገር አይደለም። አምስተኛ ክፍል ነጥብና ፐርሰንት አለ ይባላል። ከዚያ በላይ ያለው ድምፅ ምድር ቤት አይደርስም።

አንዴ እንኳን አብረዋቸው ቢወጡ ደስ ባላቸው። በየዓመቱ መጨረሻ ይጠይቃሉ። ዳይሬክተሩ ራሱ የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ በሰባት ዓመቱ ሱሪው እየወለቀ ሲያስቸግራቸው የኖረ ልጅ ነው። መልሱም አንድ ነው። «እርስዎን ከዚያ ካነሳሁ እኮ መሠረቱ ይናዳል፣ እትዬ» ይላቸዋል። ሰውን መሠረት ብሎ ማሞገስ ቀላል ነው፤ መሠረት የሚቀመጥበትን ቦታ የሚያውቀው ግን እዚያ የተቀመጠው ነው።

ሰው ዝም ብሎ የድሮ ተማሪ ይናፍቃል። የእትዬ ቆርኪ ናፍቆት ግን ባለቤት ነበረው። የሰፈሩ ሰዓት ጠጋኝ ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንደኛ ክፍል አስተማሪዎች ሁሉ የሚዋሹት አንድ ውሸት አለ። «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም» ይላሉ። በክፋት አይደለም። እንደዚያ ካልተባለ ልጁ ቁጥሩን ወዲያና ወዲህ እየገለበጠ ያገኘውን ይቀንሳል። እትዬ ቆርኪም ይህን ነገር ለማጽናት በፈተናው መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ወጥመድ ያስቀምጣሉ፤ ሦስት ሲቀነስ አምስት። መልሱ «አይቻልም» ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ከአርባ ሁለት ልጆች ገሚሱ «አይቻልም» ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ሁለት አለ፣ አንዱ አበባ ሥሎ ሰጠ። የሰዓት ጠጋኙ ልጅ ግን በተንጋደደ ፊደል «2 ይጎድላል» ብላ ጻፈች። እትዬ ቆርኪ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረጉባት።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛቸው ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ አባቴ የሰዓት ክዳን ሲገጥም አምስት ብሎን ይፈልጋል። ሦስት ካገኘ ‹ሁለት ጎደለ› ነው የሚለው።»

«ይሄ ሰዓት ቤት አይደለም፤ ሂጂ ቁጭ በይ» አሏት። ክፍሉ ሳቀ።

ልጆቹ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ ሰሌዳውን እየጠረጉ ሳለ ነው ነገሩ የከነከናቸው። ልጅቱ ትክክል ነበረች። ትልልቆቹ ልጆች ስድስተኛ ክፍል የሚማሩትን ኔጌቲቭ ቁጥር እሷ በሰባት ዓመቷ ከአባቷ ሱቅ ይዛው መጥታለች። ነገ አስተካክላለሁ አሉ። ነገ ሲሆን ደግሞ የሌሎቹ ግራ መጋባት አሳሰባቸው። እውነቱን ለመናገር ሐፍረቱም ነበረበት። ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመቱ አለቀና ልጅቱ ተሻገረች።

ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር ጎንበስ ብላ «ደህና አደሩ፣ እትዬ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ሰላምታውን ይመልሳሉ። ክፍሏን በጣታቸው እየቆጠሩ ጠበቁ። ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ትክክል እንደነበረች ከሌላ አስተማሪ አፍ ልትሰማ ነው። ከእሳቸው አፍ እንድትሰማው ፈለጉ። ስድስተኛ የገባችበት ዓመት ደግሞ የጡረታቸው ዓመት ነው፤ ከዚህ ወዲያ ጊዜ የለም።

የስድስተኛ ክፍሉን የሒሳብ መምህር መምህራን ክፍል ውስጥ ያዙት። ሸሚዙን ሁሌ ተኩሶ የሚለብስ ለጋ ወጣት ነው።

«አንድ ክፍለ ጊዜ ስጠኝ፣ ልጄ። ኔጌቲቩን ስትጀምር።»

«ምነው እትዬ፣ ምን ሊያደርጉ?»

«የማርመው ነገር አለኝ።»

«በእኔ በኩል ችግር የለም። ሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ነው የምጀምረው። እኔ ግን ለሰባተኛዎች ፈተና ስለምሰጥ የእርስዎን ልጆች አልይዝልዎትም።»

ዳይሬክተሩም የጠየቃቸው ይህንኑ ነው። «አንደኛ ክፍልን ማን ሊይዝ?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ?»

«አርባ ደቂቃ ናት። ቆርኪ እንዳይውጡ ብቻ ተጠንቀቅ።»

ትምህርት ቤት ሙሉ የሚያዝ ሰው ፊቱ ሲገረጣ አዩ። የሱሪውን ዘመን የሚያውቁበትን ሴት ግን እምቢ ማለት አልሆነለትም።

ሰኞ ዕለት እትዬ ቆርኪ ደረጃውን በሁለት እረፍት ወጡት። ክፍሉ ሲገቡ ልጆቹ ተነሡ። መርዘማቸው! ከንፈሩ ላይ ጢም ቢጤ ያሰበ ወንድ ልጅ ሁሉ አለ። «እትዬ፣ ቆርኪው የታለ?» አለ አንዱ፣ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። የሰዓት ጠጋኙ ልጅ በመስኮቱ በኩል መጨረሻ ላይ ነበረች።

ጠመኔ አንሥተው 3 − 5 ብለው ጻፉ።

«አይቻልም» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ፣ ለጨዋታ ያህል። ገና ስላልተማሩት ከዚያ የተሻለ መልስም አልነበራቸውም። እትዬ ቆርኪ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አንቺስ?»

ልጅቱ ተነሣች። «አይቻልም፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስማ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።» አደራ የሰጧትን ዕቃ በደህና እንደምትመልስ ሰው ኩራት ነበራት።

እትዬ ቆርኪ ጠረጴዛውን ደገፍ አሉ። አምስት ዓመት ሙሉ ቂም ይዛብኛለች ብለው ነበር የፈሩት። አምናኝ ይሆናል ብለው ግን አንድም ቀን አላሰቡም።

«አንደኛ ክፍል ሳለሽ ሌላ መልስ ጽፈሽልኝ ነበር» አሏት። «እኔ ኤክስ አደረግሁብሽ። ትክክል ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

አስተማሪ እንዲህ ሲል የሰማ ልጅ በመካከላቸው አልነበረም።

«እኔ? ምን ብዬ ነበር?»

ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ጠመኔውን ዘረጉላት። «ነይ ውጪ። አባትሽ የሰዓት ክዳን ሊገጥም አምስት ብሎን ይፈልጋል። እጁ ላይ ያለው ሦስት ነው።»

«አባቴ እኮ ሱቁን ከዘጋ ቆየ። ዓይኑ አስቸግሮት።»

«ሳይዘጋ በፊት ያለውን አስቢ።»

ልጅቱ ሰሌዳው ፊት ቆመች። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «እኔ! እኔ!» ሲል እትዬ ቆርኪ በዓይናቸው አስቀመጡት። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን ታያለች፤ የወደቀ ብሎን የምትፈልግ ይመስላል። ከዚያ 2 ብላ ጻፈችና ፊቷን አጨማደደች።

«ሁለት ነው። ግን ደግሞ የለም። የሌለ ሁለት ነው፣ እትዬ። ይሄ እንዴት ይጻፋል?»

ደወሉ ተደወለ።

«መምህራችሁ ነገ ያሳያችኋል።»

«ለምን እርስዎ አያሳዩንም?»

«የእኔ ክፍል ታች ነው» አሏት። ራሷ ላይ እጃቸውን ጫን አድርገው በሰሌዳው ላይ የነበረውን ሳይጠርጉ ወጡ።

ደረጃው መጀመሪያ ላይ ሲደርሱ ድምፅዋ ከበስተጀርባቸው ተሰማቸው። ለጎረቤቷ እያስረዳች ነው፤ «የለም ማለት እኮ ዜሮ ማለት አይደለም፤ ዜሮ ምንም አይጎድልበትም፣ ይሄ ግን ሁለት ይጎድለዋል» ትላታለች። ጎረቤቷ ትከራከራለች፤ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደገና ከሀ ትጀምራለች። ከምድር ቤት ደግሞ ዳይሬክተሩ «እትዬ፣ ኧረ ይድረሱልኝ!» እያለ ይጣራል። እትዬ ቆርኪ የደረጃውን ብረት እንደያዙ ቆሙ። መውረድ አልፈለጉም።