ያቺን ሩር ማን መታት?

ትናንት ገና ነበር። ጣሊያን አንኮበር ከገባ ወዲህ ዱላ ይዞ መሰብሰብ ክልክል ነው። ገና ደግሞ ያለ ዱላ አይጫወቱትም።

«ዘንድሮ ይቅርብን» አሉ ሽማግሌዎቹ። ለእነሱ ቀላል ነው፤ ዓይን አላቸው፣ ሌላ ሌላውን እያዩ ይውላሉ። እኔ ግን በልጅነቴ ፈንጣጣ ዓይኔን ከወሰደው ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ይህንኑ ጨዋታ ነው። ተናደድኩ! መሪ ዱላዬን ይዤ ብቻዬን ሜዳው ወርጄ የለመድኩት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አፍረው መሰለኝ፣ ጎረምሶቹ አንድ በአንድ መጡ። ድምፅ እንዳያሰሙ ተማምለው ጀመሩ። ጭፈራ የለ፣ መሰዳደብ የለ... የእንጨቷ ሩር ቋ ቋ ማለት፣ የእግር ኮቴና ትንፋሽ ብቻ። ጉድ እኮ ነው፤ ጨዋታውን እንደ ትናንት ጥርት አድርጌ ሰምቼው አላውቅም! ሩሯ ስትመታ የማን ዱላ እንደመታት እለያለሁ፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቅልኛል። አንዱ ከስር ጠርጎ ይመታታል፣ ሌላው እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ከላይ ይወርድባታል። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ድንገት የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ለጣሊያን ያደረው ሹማችን ነው።

«ዱላችሁን ጣሉ!»

ዱላዎቹ ዱብ ዱብ አሉ። እኔ የኔን አልጣልኩም። በቅሎዋን አፍንጫዬ ስር አምጥቶ አቆመና፣

«አንተስ፣ ዕውሩ?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰሙም?»

«ብቆጣስ?»

«ከተቆጡማ... ጌታችን አይደሉም።»

አለንጋው ሽው ብሎ ሲነሳ ሰማሁ። ምን እዋሻለሁ፣ ፈርቻለሁ።

ቋ!

ከሹሙ ጀርባ አንዱ ዱላውን መልሶ አንስቶ ሩሯን ለቀቃት። የበቅሎዋ ቅልጥም ላይ አረፈች። በቅሎዋ ሹማችንን ይዛ ቁልቁለቱን ተፈተለከች! «ኧረ ያዙልኝ!» እያለ ድምፁ እየራቀ ሄደ። ያን ሁሉ ጊዜ ታፍኖ የቆየው ሳቅ ያኔ ፈነዳ።

ዛሬ ጠዋት ሹሙ እያነከሰ ደጄ መጣ።

«ጆሮህ ምት እንደሚለይ አገር ያውቃል። ማን እንደመታት ንገረኝ።»

ስሙን ብሰጠው ያንን ልጅ ጣሊያን ይሰቅለዋል።

«ጌታዬ፣ ዕውር ምን አይቶ ይመሰክራል?»

«ሰምተሃል!»

«ሰምቻለሁ። እርስዎ ‹ያዙልኝ› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ጥርሱን ሲያፋጭ ይሰማኛል። «ከወታደር ጋር እመለሳለሁ» ብሎኝ ሄደ። ይመለስ። ድንጋዬም ዱላዬም ያው አሉ።

ምቷንማ ለይቻታለሁ... ግን ለእናንተም ቢሆን አልናገርም።