የበሬው ፊት ወዴት ነው?

ሠላሳ ዓመት በር ስሠራ ኖሬያለሁ። እዚህ ቦንጋ ሦስት ቤተ ክርስቲያን የሚዘጋው በእኔ በር ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ ስልኩን ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ይሄን ቤተ መቅደስ በእንጨት ይሥሩልኝ፤ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ» ሲለኝ ምን ገዶኝ? እሺ አልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄኔ ነው።

ጉዳዩ የእናቱ ነበር። አገራቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ከአልጋ አይነሱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰኞ ሰኞ ይሄዱበት የነበረውን የአምላካቸውን የሺቫን መቅደስ ካላየሁ ብለው እህል አልቀምስ ብለዋል። ልጁ ደግሞ ኮንትራቱ አልቆ ዓርብ ጠዋት ሊሄድ ነው። እኔም እናት ነበረችኝ፤ እንዴት እምቢ ልበል?

ፎቶዎቹን እያገላበጠ አስረዳኝ። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ሲገቡ ባለ ምሰሶ አዳራሽ፣ መሃሉ ላይ መደብ፣ መደቡ ላይ የተኛ የድንጋይ በሬ። ከአዳራሹ ወዲያ አንዲት ትንሽ ጨለማ ክፍል አለች፤ ዋናዋ እሷ ናት። ከላይዋ ጣሪያው በደረጃ በደረጃ እየጠበበ ሽቅብ ይወጣና ጫፉ ላይ እንስራ የመሰለ ነገር ይቀመጣል። ውስጧ አናቱ ሞላላ የሆነ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል፤ ውሃ ያፈሱበታል፣ ውሃው በሰሜን ግድግዳ በቦይ ይወጣል። ሰው ቤቱን እየዞረ ይሳለማል፤ ቦዩ ጋ ሲደርስ ግን አይሻገርም፣ በመጣበት ይመለሳል። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ አንዱ የሺቫ ሚስት፣ አንዱ የልጁ።

«እሺ፣ ሺቫ የታለ?» አልኩት።

«ድንጋዩ ነው።»

«ፊቱስ?»

«ፊት የለውም።»

«ልጁስ?»

«ልጁ የዝሆን ራስ አለው።»

እግዚኦ! አባት ፊት የለው፣ ልጅ ዝሆን! ራሴን አዞረኝ። እሱ ግን እኛ ሥዕለ ማርያም በምናሳይበት ክብር ነው የሚያሳየኝ። አፍሬ ሜትሬን አወጣሁ።

ከዋጫ ከተማ ባመጣሁት ደረቅ የዋንዛ እንጨት ጀመርኩ። ዝናቡ ኮላ አላደርቅ ብሎ አበሳዬን አሳየኝ። ከዝናቡ የባሰው ግን የሆዴ ሙግት ነው። ለታመመች እናት መድረስ ጽድቅ ነው፤ የጣዖት ቤት መሥራትስ? እኔ እንጃ። መሮውን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ምን ትዪኛለሽ ብዬ ባሳያት እሷን የጨነቃት ሌላ ሆነ። «መቅደሱ እንዲህ አፉን ከፍቶ ነው የሚሄደው? ኧረ ነውር ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ቅዱስ ነገር ይሸፈናል፤ ለእኔ ይሄ ጥያቄም አይደለም። ፎቶው ላይ ክፍት ቢሆን ለፎቶ ከፍተውት ነው አልኩ። ለጨለማዋ ክፍል ትንሽ በር ገጠምኩላትና መንገድ ላይ እንዳይከፈት በሚስማር መታሁት። ከመምታቴ በፊት ባለቤቴ ከውስጥ ቀይ መጋረጃ ሰፋችለት። በሬውም ለእንግዳ ጀርባውን ሰጥቶ መተኛቱ አላማረኝም፤ ወደ ውጭ አዞርኩት። ከብት ደጅ ይጠብቅ እንጂ መቅደስ ላይ ምን ያፈጣል?

ዓርብ ጠዋት መኪናውን ደጅ አቁሞ መጣ። ጣሪያውን ዳሰሰ፣ ቦዩን በጣቱ ተከተለ፣ ፈገግ አለ። መሃሉ ጋ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ለምን ዘጉት?»

«ቅዱስ አይደል እንዴ?»

«ቅዱስ ስለሆነ ነው የሚከፈተው» አለኝ። «የኛ ጸሎት ማየት ነው። እናቴ ሺቫን ታየዋለች፣ እሱም ያያታል፤ በቃ። በሬው ቀንና ሌሊት እሱን ነው የሚያየው። በመሃላቸው ማንም አይቆምም። ይሄን እንደተዘጋ ብወስድላት...» አልጨረሰውም። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

መሮዬን አነሳሁ። በር ስገጥም የኖርኩ ሰውዬ በር ነቀልኩ። መጋረጃውን ባለቤቴ ራሷ በመቀስ ቀደደችው። በሬውን ፈልቅቄ ሳዞረው ጅራቱ ተሰበረ። «ግድ የለም» አለና ህንዳዊው ተንበረከከ፤ ከበሬው ኋላ ሆኖ በቀንዶቹ መሃል ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦኝ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፎቶ ላከልኝ። እናቱ በጎናቸው ተኝተዋል፣ መቅደሱ አጠገባቸው ወንበር ላይ ነው። ማንኪያ አፋቸው ውስጥ ነው፤ ዓይናቸው ግን ከበሬው ቀንዶች መሃል አልተነቀለም። እንባዬ መጣ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ አላውቅም።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መጋረጃው ፊት ትቆምና ግድግዳውን ስማ ትመለስ ነበር። ታቦቱ ለጥምቀት ሲወጣ እንኳ ተሸፍኖ ነው፤ አንድ ቀን አላየችውም፣ ልየው ብላም አታውቅም። ባለፈው እሑድ እሷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ሄጄ ቆምኩ። ከመጋረጃው ኋላ ያለው የመቅደሱ በር የእኔ ሥራ ነው። ክፈቱልኝ ማለት አማረኝ፤ ቢከፈት ደግሞ ዞሬ የምሮጥ መሰለኝ።

እናቴ እዚያች ቦታ ቆማ፣ ዓይኗን መጋረጃው ላይ ተክላ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ነበር። ምን እያየች ነበር?