ነርሷ የሞተች ጊዜ

የጎረቤታችን ጣሪያ ላይ የነበረው ዲሽ አሁን ወርዶ መሬት ላይ ተንጋሎ ተቀምጧል። የዝናብ ውሃ ይታቆርበታል፤ ዶሮዎች ይጠጡበታል። ትናንት አክስቴ ደጅ ቆሜ ዝገቱን ሳይ ያቺ እንግሊዛዊት ተዋናይ ፊቴ ድቅን አለች። ሚኒባሱ ወረኢሉ ቆሞ ሰው ሲጭን መሞቷን ከስልኬ ላይ አንብቤ ነው የመጣሁት። ሆስፒታል ተረኛ ሆኜ አድሬ ስለነበር ለማዘን እንኳ አቅም አጣሁ።

ያን ጊዜ ከከላላ ገጠር መጥቼ መካነ ሰላም አክስቴ ዘንድ እማር ነበር። አክስቴ የቄስ ሚስት ነበረች፤ ቄሱ ካረፉ በኋላ ከእኔ በቀር ቤቷ ውስጥ ሰው አልነበራትም። አንድ ልጇ ዓረብ አገር ሄዳ፣ መጀመሪያ ሰሞን እየደወለች ቆይታ፣ በኋላ ድምጿ ጠፋ። ጎረቤታችን ደግሞ ከዚያው ከዓረብ አገር በደህና የተመለሰች ሙስሊም ናት፤ ይዛው የመጣችው ቴሌቪዥን የመንደሩ ሁሉ ነበር። ባሏ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን እያዞረ "መጣ?" ሲል እኛ ከታች "ሄደ!" እንላለን። ድራማው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ጽሑፍ ዓረብኛ። ጎረቤታችን ዓረብኛውን እያነበበች በአማርኛ ትነግረናለች፤ የራሷንም ትጨምርበት እንደነበር የገባኝ እንግሊዝኛ ከለመድኩ በኋላ ነው።

ተዋናይዋ በድራማው ላይ በብስክሌት እየዞረች የምታክም የገጠር ነርስ ነበረች። ዝናብ ይመታታል፣ ጭቃ ይረጫታል፣ እሷ ትስቃለች። እኔም ነርስ የሆንኩት በእሷ የተነሳ ነው፤ እግሯ ሲያብጥ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳዩንም። አክስቴ ጥጧን ይዛ ትመጣና በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትፈትላለች። የእንዝርቱ ድምፅ፣ የእርጥብ ጋቢ ሽታ፣ ፊታችን ላይ የሚንቀሳቀሰው ሰማያዊ ብርሃን አሁንም አብረውኝ አሉ። ነርሷ ብቅ ስትል እንዝርቱ ዝም ይላል። አንገቷ የልጄ ነው ትል ነበር አክስቴ። ፈረንጅ መሆኗን ሊያስታውሳት የደፈረ አልነበረም።

አንድ ምሽት ነርሷ ከታማሚዎቿ በሽታ ተጋባባትና ሞተች። አክስቴ ተነስታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። ጎረቤታችን ተከትላት ወጥታ "አብሽሩ እትዬ፣ ድራማ እኮ ነው" ብትላትም አልሰማቻትም። ሰንብታም ነጠላዋን አላቃናችም። በሌላ ነገር ቢሆን መንደሩ ሲስቅባት ይከርም ነበር፤ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። መርዶ ላልመጣለት ሰው ማልቀስ ሟርት ነውና ለልጇ አንድ ቀን እንኳ አልቅሳ አታውቅም ነበር። ያን ሁሉ የታቆረ እንባ ለነርሷ አፈሰሰችው። ክርስቲያኑም እስላሙም ንፍሮ እየያዘ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ የልጇን ስም ያነሳ ግን የለም።

ክረምቱ ሲወጣ ሌላ ድራማ ተጀመረ። ልብስ ስፌት ቤት ያላት አንዲት እልኸኛ ሴትዮ በመስኮት ብቅ ስትል፣ እሷው ናት። ሮጬ አክስቴን ጠራኋት። ገብታ እንደቆመች ብዙ አየቻት።

"ሞታ አልነበረም እንዴ?" አለች።

ጎረቤታችን ሥራዋ እንደሆነ፣ ሙች ሲሏት እየሞተች፣ ኑሪ ሲሏት እየኖረች ደመወዝ እንደምትበላ አስረዳቻት። አክስቴ እዚያው ቆማ ነጠላዋን አቃናች። "እንኳን ተዝካር አላወጣሁ" ብላ ሳቀች። ልጇ ከጠፋች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ አልለቀቀቻትም። ተዋናይዋ ዳኛ ሆነች፣ ሰካራም ሆነች፣ ባሏን ገዳይ ሆነች፣ ሸበተች፤ ለአክስቴ ግን ሁልጊዜም ነርሷ ናት። ኮሌጅ ገብቼ ታሪኳን ሳነብ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ መሆኗን፣ በወጣትነቷ ቲያትር ቤት ወለል ትጠርግ እንደነበር፣ እናቷን ልታስታምም ሥራዋን ትታ ለዓመታት ከቴሌቪዥን ጠፍታ በኋላ እንደተመለሰች ለአክስቴ ነገርኳት። "ተመለሰች አይደል!" አለች፤ ከነገርኳት ሁሉ የያዘችው ይህንኑ ብቻ ነው።

አሁን ዓይኗ ደክሟል። ትናንት መደቡ ላይ አጠገቧ እንደተቀመጥኩ፣ እንደ ልማዷ፣ ነርሷ አሁን ምን ሆና እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። ደህና ናት ማለት እችል ነበር። በሥራዬ መርዶ መናገር ሰልችቶኛል፤ ግን ውሸትም ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል።

"ሞተች እትዬ።"

"እንደ በፊቱ?"

"አይደለም። የአሁኑ የእውነት ነው።"

ውጭ የዶሮዎቹ መንቁር ዲሹን ሲመታው ይሰማል።

"እኔም ብዙ ጠበቅኳት" አለች በመጨረሻ።

ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ልታዞር ሞከረች፤ ጥለቱን ማግኘት አቃታት። አዘቅዝቂልኝ አለችኝ። አዘቀዘቅኩላት፤ እንባዬም ያኔ መጣ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አይታን ገባች። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም፤ አክስቴ ጎን ተቀምጣ ያቺን ዓረብ አገር የጠፋችውን ልጅ በስሟ እየጠራች ማልቀስ ጀመረች።