ሁለተኛው ቀበቶ

አጎቴ የቦንጋ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ። በደርግ ጊዜ ሺሺንዳ ገበያ ወጥተው ሳሉ ተኩስ ተከፍቶ አንድ ነጋዴ እግሩን ተመታ። ሚስቱ «ጋሼ፣ ይድረሱለት!» እያለች ጎተተቻቸው። እሳቸው ግን ከተጠለሉበት ግንብ ጀርባ ንቅንቅ አላሉም።

«እኔም ከወደቅሁ ቁስሉን ማን ያስርለታል?» አሏት።

ተኩሱ ጋብ ሲል ቀድመው ሮጡ። እግሩን በገዛ ቀበቷቸው ጠፍረው ደሙን አቆሙ፤ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ቤት ገቡ። ሰውየውም ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶም ሠርግም ሲሄዱ ሁለት ቀበቶ ይታጠቁ ነበር። እኛ ስንስቅ፣ «ሁለተኛውን ሥራ ፈት ያድርግልኝ» ይላሉ።

ከቀብራቸው በኋላ ልብሳቸውን ለዘመድ አከፋፈልን። ቀበቶዎቹን ግን ከምስማሩ ላይ የሚያወርድ ጠፋ። አንዱ ተሰነጣጥቋል። ሁለተኛው እንደ ጸሎታቸው ሥራ እንደፈታ አርጅቷል።