ሦስት ጊዜ የጎበጠው መስኮት

ዛሬ የአባዬን የዓይን ሕመም ያገኘው ብረት በያጅ ነው።

አባዬ ዕድሜ ልኩን የባቡር ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን የመስኮት ብረት ሲገጠምለት «መሃሉ ጎብጧል» አለ። የሐዲድ ሰው ጎብጧል ካለ ጎብጧል። በያጁን አብዲን ሁለት ጊዜ አስፈርሰን አሠራነው።

ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራነው። ውሃ ልክ ይዞ መጥቶ ለካው፤ ቀጥ ያለ ነው። አባዬ «ውሃ ልክህም ጠማማ ነው» አለው። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። በዚህ ከተማ የበያጅ ሥራ ቀጥ ይላል ብሎ ማመን ይከብዳላ።

አብዲ አልተቆጣም። «አባባ፣ እኛ ብረት ስናስተካክል አንድ ዓይን ጨፍነን ነው የምናየው። እስቲ እርስዎም ይሞክሩት» አለ።

አባዬ ግራ ዓይኑን ሸፈነ፤ መስኮቱ ቀጥ አለ። ቀኙን ሸፈነ፤ ጎበጠ።

«ወላሂ አባባ፣ ይሄ በእኔ ማሽን አይበየድም» አለ አብዲ።

ወዲያው አባዬን ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድነው። ከዓይኑ ጀርባ ያለው የሬቲናው መሃል በዕድሜ መጎዳት ጀምሯል፣ በጊዜ መምጣታችሁ ጥሩ ነው አለችን ሐኪሟ። በጊዜ? የጎረቤት ፊት ጠፍቶት ሰላም ሳይል ሲያልፍ «ጡረታ ከወጣ ወዲህ ኮራ» እያልን የከረምነው እኛው ነን። ደህናው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታል አለች፤ ልክ እንደ ቤተሰብ።

እናንተስ ቤት የዓይን ጥፋት በማን ላይ ተፈረደ? ጻፉልኝ። መጀመሪያ ግን አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ የራሳችሁን መስኮት እዩት፤ ቀጥሎ በሌላኛው።

ከጎበጠ አብዲን አትጥሩ።