ከጀልባዋ ላይ የፈታሁት ገመድ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በኅዳር ጽዮን ዋዜማ፣ እዚሁ መተማ ዮሐንስ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መኪና መጥቶ ሄዷል፣ ስንት ሸራ ሰፍቻለሁ። ያች ቀን ግን ሕልም አይቼ የነቃሁ ይመስል እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

አገሬ ጣና ዳር ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ብዬ ቆላ ወረድኩ፣ በዚያው ቀረሁ። አሁን የጭነት መኪና ሸራ እየሰፋሁ፣ ጭነት እያሰርኩ እኖራለሁ። ሐይቁን ካየሁ ስንት ዘመኔ! ሙቀቱ ሲበረታብኝ ውሃው ዳር የቆምኩ አድርጌ አስብና ትንሽ ቀለል ይለኛል።

በዚያ ቀን ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት በኩል የመጣ መኪና ግቢያችን ገብቶ ቆመ። ላዩ ላይ በአፍጢሟ የተደፋች ትንሽ ነጭ ጀልባ ነበረች። ጫኝና አውራጁ ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ።

«ምነው ሐጂ፣ ጓንግ ወንዝ ሞላ እንዴ?» አለ ጎረቤቴ አየነው። አየነው መካኒክ ነው፤ ሳይቀልድ ብሎን አይፈታም።

ሐጂ ያላቸው ሱዳናዊ ሽማግሌ ቋንቋውን አልሰሙትም፤ ፈገግ ብቻ አሉ። የመለሰችለት ልጃቸው ሳልማ ናት። ካርቱም ቤታቸው ትሠራ የነበረች የጎጃም ሴት ናት ያሳደገቻት፤ አማርኛዋ ልክ የአገሬ ሰው አማርኛ ነው።

«ቢሞላማ በእሷው እንሄድ ነበር፤ መኪና ምን ያደርግልናል!» አለችው። ግቢው በሳቅ ሞላ።

ጀልባዋ የእሽቅድምድም ናት። ሳልማ ከልጅነቷ ጀምራ ዓባይ ላይ በሸራ ጀልባ ስትሽቀዳደም ነው ያደገችው። ጦርነቱ ሲመጣ ቤቱም ሱቁም ቀርቶ ይህችን ብቻ አተረፉ። ከጓደኞቿ ጥቂቶቹም እንዲሁ ጀልባቸውን ይዘው ወጥተው ጣና ላይ ተሰባስበዋል። በሳምንቱ መጨረሻ ከስደት ወዲህ የመጀመሪያውን ውድድር ሊያደርጉ ነው።

ችግሩ፣ የሸራውን ምሰሶ ግራና ቀኝ ወጥረው የሚያቆሙት የብረት ገመዶች፣ ካቦዎቹ፣ ተበጣጥሰው ክራቸው እንደ እሾህ ቆሟል። ከጀልባዋ ጋር የሚያያይዛቸው ማሰሪያም አልቋል። እንዲሁ ብትወጣ ምሰሶው ይወድቅባታል። ያለ ደንቡ ከተቀየረ ደግሞ ከውድድሩ ያስወጧታል።

«የምን ደንብ?» አልኳት፣ ጀልባዋን አውርደን እየገለበጥናት።

«ሁሉም ጀልባ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ እትዬ። የካቦው ውፍረት፣ የገመዱ ብዛት፣ ሁሉም። ማን እንደሚበልጥ የሚታወቀው ያኔ ነው።»

አየነው ወፍራም የመኪና መጎተቻ ካቦ እያንቋቋ መጣ። «እንኪ! ይኼ ዝሆን ያቆምልሻል።»

«ዝሆን አልጫንኩም» አለችው። ከዕቃዋ መሐል በጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን አዲስ ካቦ አውጥታ፣ ከአሮጌው ጋር አስተያይታ ለክታ አሳየችው። እያጉረመረመ ጫፍ ጫፉን በሞርሳ አጠበቀላት። ማሰሪያውን እኔ ያዝኩ። ከገመዶቼ መሐል አሮጌውን የሚያክል መረጠች፤ እየወጠርኩ አሰርኩላት። ምሰሶው ቆመ።

እዚህ እኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ሽቅብ ወደ ጎንደር የሚያወጣው መንገድ ክፉ ስለሆነ፣ ጭነት አስረን ስንጨርስ አንድ ገመድ እንጨምራለን። ዋጋ አይጠየቅበትም። የእመቤታችን ገመድ እንለዋለን፤ ስንቋጥረውም «ጠብቂው» ብለን የሾፌሩን ስም እንጠራለን። ያለ እሱ የሸኘሁት መኪና የለም። ለሳልማም ከምሰሶው ወገብ ወደ ኋላ አንድ ጠንካራ ገመድ ወጠርኩና ስሟን ጠርቼ ቋጠርኩላት።

ዞር ብላ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ፣ ይችን ይፍቱልኝ።»

«ኧረ ሳንቲም አልጠየቅሁሽም ልጄ! የእመቤታችን ናት።»

«አውቃለሁ። ያሳደገችኝም ሴት ስሟን እየጠራች ነው ያስተኛችኝ። ግን የሌሎቹ ጀልባ ይህ የለውም።»

ጸሎት ቋጥሬ መፍታት አላውቅም። እጄ እምቢ አለኝ።

«ምን ያጨናንቃችኋል?» አለ አየነው። «ዳኞቹ ሲለኳት ትፈታዋለች፣ ውሃው ላይ ስትደርስ መልሳ ታስረዋለች። ሐይቅ መሐል ማን ያያታል?»

ሳልማ ሳቀች። «እሱንማ ማን ያጣዋል!» አለች። ሐጂ ነገሩ ባይገባቸውም አንዴ ገመዱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ በሬን ዘግቼ ወተት ብጠጣ ማን ያየኛል? ግን አልጠጣም። ይህ በልቤ ሲመጣብኝ ልጅቱ ገባችኝ። ቋጠሮውን ፈታሁት።

«በሉ፣ መያዙን እንይ» ብላ ሸራውን ሰቀለችው። ጀልባዋን ግራና ቀኝ በሰሊጥ ጆንያ ደግፈናታል። «ይግቡ እትዬ፣ ክብደት ይሁኑልኝ» አለችኝ፤ ነጠላዬን ሰብስቤ ገባሁ። የቆላው ነፋስ መጣና ሸራውን ነፋው። ካቦዎቹ ቀስ ብለው ዜማ አወጡ። የሰሊጡ ገለባ በጎንና በጎናችን እየተንሳፈፈ ሲያልፍ፣ የቆመው ግቢው እንጂ እኛ አልሆንንም። መኪናው፣ አጥሩ፣ ሰዉ ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄደ። የሸራው ጥላ ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ነበር። ሐጂ ምሰሶውን ሽቅብ እያዩ «ያ ሰላም» እያሉ ይደነቃሉ፤ ድምፃቸው ከሌላ ዳርቻ የሚመጣ መሰለኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

«እህቴ፣ ባሕር ዳር ስትደርሽ ደውይልን!» ብሎ አየነው ነው ያነቃኝ።

መልሰን ስንጭናት ያንን ገመድ በላይዋ ጣልኩትና ሳልማን አየኋት። «ለመኪናው ደንብ የለበትም» አለችኝ እየሳቀች። አጥብቄ ቋጠርኩት፤ ሄዱ።

ከውድድሩ በኋላ ደወለችልኝ። ዳኞቹ ለክተው አስገብተዋታል። ነፋሱ በርትቶ ምሰሶው እስኪጎብጥ ድረስ ታግሏት ነበር፤ ግን አልወደቀም፣ ሁለተኛ ወጣች። ስታወራኝ ከኋላዋ ውሃው ዳርቻውን ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ያ ገመድ ምሰሶዋ ላይ እንደታሰረ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ በእሱ ነው የቆመው እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ ሳወራ እኖር ነበር። አሁን በአዲሱ ካቦ ይሁን፣ በሳልማ ክንድ ይሁን፣ በጸሎት ይሁን፣ ምሰሶው በምን እንደቆመ አላውቅም። የሚገርመኝ፣ አለማወቄን ሳስበው ደስ ይለኛል።